የፈረሰው የጓሮ አጥር

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስመለስ ሚኒባሳችን ዱከም ላይ ሰው ለማውረድ ቆመ። እሑድ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛ የሆኑ ወጣቶች በአስፋልቱ መካከል ባለችው ቀጭን ሣር ላይ ተቀምጠው ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ፤ የከባድ መኪናው ጭስ በላያቸው ያልፋል። ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ «ምን ያድርጉ፣ ጥላ ያለበት ሁሉ ታጥሯል» አሉ። አባዬ ትዝ አለኝ። ወዲያው ደግሞ እማዬ።

አባዬን ሰፈሩ ጋሼ ወርቁ ይለው ነበር። የሥራ ዕድሜውን የጨረሰው በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሲነዳ ነው፤ አንዴ ከወጣ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። አዳማ፣ የጋሪ ፈረሶች ቃጭል በማይጠፋበት ሰፈር ያለው ቤታችን ከኋላው ሰፊ ጓሮ ነበረው። እናቴ ጫልቱ ያንን ባዶ መሬት ማንጎ፣ ዘይቱን፣ ሎሚና ፓፓያ አልብሳዋለች። ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበረች። እዚያ ግን ሻሿን ፈትታ፣ የታጠበ ፀጉሯን ፀሐይ እያስመታች፣ በኦሮምኛ መዝሙር ታንጎራጉራለች። ያን ሰዓት እኛ ልጆቿ እንኳ አንጠራትም።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት በምጠብቅበት ዓመት አባዬ ጡረታ ወጣ። ግንቦት ነበር፤ ነፋሱ የሚጋረፍበት፣ አቧራው ጥርስ ውስጥ የሚንቀጫቀጭበት የአዳማ ግንቦት። አንዲት ጎረቤታችን አርፈው፣ ቦታ ጠፍቶ ድንኳኑ መንገድ ላይ ተተከለ። ለቀስተኛው በሸራው ሙቀት ላብ በላብ ሆነ። አንዲት ነፍሰ ጡርም ተዝለፍልፋ ወደቀች። ከጓሯችን ግንብ አጥር ወዲህ የእኛ ማንጎዎች ለዶሮ ጥላ ሆነው ቆመዋል።

እራት ላይ አባዬ «የጓሮውን አጥር አፈርሰዋለሁ» አለ። «የሰፈሩ ሰው ሁሉ ማረፊያ ይሆናል።»

እኔ በአባቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። እማዬ ግን ጭልፋውን አስቀመጠች።

«የትኛውን ጓሮ?»

«የኛን ነዋ፣ ጫልቱ። ሰው ጥላ ሥር ቢቀመጥ ምን ይጎድልብናል?»

«አንተ መንገድ ላይ ስትከርም እኔ የት የነበርኩ ይመስልሃል?»

ነገሩ አልገባውም። ሳቅ ብሎ «እዚሁ ቤት ነዋ» አላት። እሷም ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠርነው።

ግንቡ ፈረሰ፤ ድንጋዩ መቀመጫ ሆነ። ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው መጡ፣ ጋሪ ነጂዎች ቀትሩን ሊያሳልፉ መጡ፣ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ መጡ። የበሰለ ማንጎ ሽታ መንገድ ድረስ ይወጣ ነበር። አባዬ በየዛፉ ሥር እየዞረ «ተጫወቱ፣ ቤታችሁ ነው» ይላል፤ ምርቃቱ ይዘንብለታል። ያ ሁሉ ዓመት መሪ ጨብጦ ብቻውን የኖረ ሰው መጨረሻ ላይ ሰው አገኘ። እማዬ የጓሮውን መስኮት ዘጋች።

አንድ ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ ብላ ነው መሰለኝ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ሎሚው አጠገብ ቆማ ቅጠሉን ስትዳብስ፣ ድንጋይ ላይ ሆኖ የሚያጠና አንድ ተማሪ በአክብሮት ተነሣ።

«እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«ማንንም፣ ልጄ» ብላ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆሜ ነበርና ፊቷን አየሁት።

ለአባዬ ነገርኩት። በማግስቱ ሸምበቆ አስመጥቶ የጓሮውን አንድ ጥግ አጠረላት፤ በር አበጀ፣ አግዳሚ አስቀመጠ፣ ቁልፉን በእጇ ሰጣት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፤ ከልቧ ነበር። በሩን ግን አንድም ቀን አልከፈተችውም። ሲዘፍን የነበረ ሰው አንዴ ከተቋረጠበት፣ በሌላ ቀን ዝፈን ቢሉት ያው ዜማ አይመጣለትም።

ዓመታት አልፈው አባዬ ሲያርፍ ለቀስተኛው ከዛፎቹ ሥር ሞላ። ማንም ፀሐይ አልመታውም። እማዬ ከሴቶቹ ጋር ሳሎን ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ልብሱን አብረን ስናጣጥፍ፣ ድንገት «ቢጠይቀኝ ኖሮ» አለችኝ፣ «አጥሩን አብሬው ነበር የማፈርሰው። ያቺ ነፍሰ ጡር ድንኳኑ ውስጥ ስትወድቅ እኮ ውኃ ያጠጣኋት እኔ ነኝ።»

ይህን መስማት የነበረበት ሰው ከአፈር በታች ነበር። እሷም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው።

ሚኒባሱ ከዱከም ሲነሣ እነዚያ ልጆች እየራቁ ሄዱ፤ አጥር የሚያፈርስላቸው ሰው ተመኘሁ። የአባዬ ሥራ ትክክል ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው አስባለሁ። የሚቆጨኝ በአንዲት ጥያቄ ሁለቱም ሊደሰቱበት ይችሉ የነበረ ነገር መሆኑ ነው። አሁን ወደ ጓሮው ስሄድ የተቀመጠው ሁሉ «ጋሼ ወርቁን ነፍሱን ይማረው» ይላል። ይገባዋል፤ እኔም አሜን እላለሁ። ከዚያ ጮክ ብዬ «ጫልቱንም» እላቸዋለሁ። አዲሶቹ ማን ናት ብለው ይጠይቁኛል፤ ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ።