የተከራያችን ሸሚዝ

ባለፈው እሁድ ልጄ በቪዲዮ ስትደውልልኝ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ስልኩን መጻሕፍቷ ላይ አስደግፋዋለች፤ ለእኔ የሚታየኝ ግማሽ ፊቷና ካውያ የያዘው እጇ ነው። ከኋላዋ በመስኮቱ በኩል በረዶ ይወርዳል።

«ኮሌታውን አስቀድሜ፣ እምዬ እንዳሳየችኝ» አለችና ሳቀች። እምዬ የምትላት አያቷን ነው፤ የእኔን እናት። ከካውያው ሥር እንፋሎት ቡፍ አለ። ሽታ በስልክ አይመጣም፤ እኔን ግን ሸተተኝ። የረጠበ ጥጥ ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ። ከእሱ ጋር የከሰል ሽታ፣ ከከሰሉ ጋር የድሮው ግቢያችን አቧራ፣ ከአቧራው ጋር ስንት ዘመን ያላሰብኩት ሰው መጣ።

«እምዬን ስጪኝ እስቲ» አለች ልጄ።

«ተኝታለች» አልኳት።

እናቴን ከቀበርናት ሳምንት አልሞላም ነበር።

ልጄ ቱርክ አገር ነው የምትማረው። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የምትማረውን ነገር ስሙን እንኳ በደንብ አልይዘውም። የምይዘው ውሎዋን ነው። ጠዋት በጨለማ ተነስታ አውቶቡስ ትጠብቃለች። ምሳ የምስር ሾርባ ትበላለች። ካልሲ በካልሲ ላይ ትደርባለች። ከታንዛኒያ ከመጣች ልጅ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚኖሩት፤ ያቺ ልጅ በስልኩ ባየችኝ ቁጥር «እማዬ ደህና ነሽ?» ትለኛለች፣ ልጄ ናት ያስተማረቻት። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ክፉ ወሬ ይመስለኛል።

ለልጄ አይነገራት ያለው ወንድሜ ነው፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሠራው። ለቀብር መጥቶ ገና ድንኳኑ ሳይነሳ ለብቻዬ ጠራኝ። «ፈተናዋ ደርሷል። እዚያ ዘመድ የላት፣ ደግፎ የሚይዛት የላት። አንድ ነገር ብትሆንስ? ክረምት ስትመጣ እዚሁ አቅፈን እንነግራታለን» አለኝ። እኔም ፈሪ ነኝና እሺ አልኩ። ያ የካውያ ሽታ ባይመጣብኝ ኖሮ እሺ እንዳልኩ እቀር ነበር።

ከሽታው ጋር የመጣብኝ ሰው የድሮ ተከራያችን ነበር። ያኔ እኔ ገና ያላገባሁ ልጃገረድ ነኝ፤ ትምህርቴን ትቼ እናቴን በቤት ሥራ አግዛለሁ። እናቴ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ለተማሪ ታከራይ ነበር። አንድ ዓመት የመጣው ተማሪ ግን የእኛ አገር ሰው አልነበረም። ከሱዳን ደቡብ፣ ጦርነት ካለበት አገር፣ ናዝሬት ኮሌጅ ሊማር የመጣ ነው። ሲገባ ጉበኑ ግንባሩን እንዳይመታው ጎንበስ ይላል። አልጋው አልበቃው ብሎ እናቴ ከእግሩ በኩል የለስላሳ ሳጥን ገጥማ ብርድ ልብስ አነጠፈችበት። ጋሪ ሲሳፈር ባለጋሪዎቹ «የሁለት ሰው ትከፍላለህ፣ እግርህ የሰው ቦታ ይዟል» ይሉታል። እሱም «እግሬ ተማሪ ነው፣ ምንም የለውም» ብሎ ይመልስላቸዋል። አማርኛውን የለመደው እንዲህ እየተቀለደበት ነው።

ለእኛ ተራ የሆነው ለእሱ ሁሉ እንግዳ ነበር። ነፋሱ ሲነሳ መጽሐፉን በሸሚዙ ውስጥ ይደብቃል። በርበሬ ሲበላ እንባው ይወርድና «ናዝሬት አስለቀሰችኝ» ይላል። ቅዳሜ ከቆቃ የሚመጡትን ዓሣ ሻጮች በር ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ላምባ ምድጃው ላይ ሲጠብሰው ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። እናቴ በፆም ቀን «አንተ ልጅ፣ በአፍንጫዬ አስገደፍከኝ እኮ» ትለዋለች። እሱ «እማማ፣ አፍንጫሽን ዝጊ» ብሎ ይስቃል።

እሁድ ከሰዓት፣ ፀሐዩ ወደ ግንቡ ሲዞር፣ የከሰል ካውያችንን ሊዋስ ይመጣል። ከሰሉን እፍ ይላል፤ በአፉ ውሃ ይረጫል፤ ሁልጊዜ ከኮሌታው ይጀምራል። እናቴ ከእጅጌ ነበር የምትጀምረው፤ ቆማ ታየውና ራሷን ትነቀንቃለች። ሲተኩስ ይዘፍናል። ቋንቋው ለማናችንም አይገባንም። ዜማው ትንሽ ከፍ ይልና ወደነበረበት ይመለሳል።

«የምን ዘፈን ነው?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«የእናቴ። ሸሚዜን ስትተኩስ እንዲህ ትላለች» አለኝ።

እናቴ «አምጣው ልጄ፣ እኔ ልተኩስልህ» ብትለው እሺ አይልም። «ይህ የእናቴ ሥራ ነው፣ እሷ እስክትመጣ እኔ ነኝ» ይላታል።

በሰፈራችን ስልክ የነበረው አንድ ሱቅ ብቻ ነው። ባለሱቁ የወሎ ሰው ሲሆን ካርቱም ብዙ ዓመት ስለሠራ ዓረብኛ ያውቃል። ተከራያችን አማርኛ ሲያጥረው ወደ እሱ ነበር የሚሮጠው። አንድ ሰኞ፣ ነፋሱ ቆርቆሮውን እያንጓጓ፣ ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ እኛ ቤት መጣ። በቀን ሱቁን ሲዘጋ አይተን አናውቅም።

«እትዬ፣ የልጁ አጎት ደውሎ ነበር» አላት እናቴን። «እናቱ ትናንት አርፈዋል።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጁ ኮሌጅ ነበር። እኔን ልካ ጎረቤታችንን የባቡር ጡረተኛውን አስጠራቻቸው፤ የአርሲ ኦሮሞ ናቸው፣ በሰፈሩ ነገር ሁሉ የሚጠየቁ ሽማግሌ። ሦስቱ ሳሎን ተቀመጡ። እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

«እኛ ዘንድ ሞት አይደበቅም» አለ ባለሱቁ። «አጎቱም ንገሩት ነው ያለኝ።»

«ቢሰማስ ምን ያደርጋል?» አሉ ጡረተኛው። «ልሂድ ይላል። መንገዱ ጦርነት ነው። ወይ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ወይ ቢመለስም ፈተናው አልፎታል። ዋቃዮ! በአንድ ሐዘን ላይ ሌላ እንጨምርበት?»

  «ፈተናውን ይጨርስ» አለች እናቴ በመጨረሻ። «እስከዚያ እኛ እንያዝለት።»

እንያዝለት ነው ያለችው። እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ያን ሳምንት ከእሱ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባለጋሪዎቹ ማሾፉን ትተው በነፃ ጫኑት። ዓሣ ሻጩ ትልቁን መርጦ ሰጠው። እናቴ ስለ ሽታው ምንም አላለችም። ልጁ ደስ አለው። «ናዝሬት አሁን ወደደችኝ» አለኝ በር ላይ፣ እኔም መሬቱን አየሁ።

እሁድ ካውያውን ሊዋስ መጣ። እናቴ ሰጠችው። ከሰሉን እፍ አለ፤ ውሃውን ረጨ፤ ከኮሌታው ጀመረ። ከዚያ ያንን ዘፈን ዘፈነ። ልብስ የምታጥበው ጎረቤት እጇን ሳሙና ውስጥ እንደከተተች ቀረች። እናቴ ጓዳ ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

ፈተናው ባለቀ ማግስት፣ ገና ሰማዩ ሲቀላ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሰርቪሷ በር ላይ ቆመ። እሱ መፋቂያ አፉ ውስጥ አድርጎ ወጣ። ሰዉን ሲያይ ፊቱ ተለወጠና ሮጦ የእናቴን ክንድ ያዘ። የእኛ ሰው የሞተ መስሎታል። «እማማ፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያለ ከክፍሉ ያለችውን አንዲት ወንበር አወጣላትና እንድትቀመጥ ትከሻዋን ጫን አደረጋት።

እናቴ አልተቀመጠችም። «ልጄ፣ ወንበሩ ላንተ ነው» አለችው።

ያን ጊዜ ገባው። ጩኸት ጠብቀን ነበር፤ አልጮኸም። መፋቂያውን ከአፉ አወጣና «መቼ?» አለ።

 ጡረተኛው ከዘራቸውን ያያሉ። እሱ ወደ ባለሱቁ ዞረና በዓረብኛ ጠየቀው። ባለሱቁ ለሁላችንም እንዲሰማ በአማርኛ መለሰ፦ «ያለፈው እሁድ ሳይሆን፣ የዚያኛው እሁድ።»

ቆሞ ሲያስብ አየሁት። «እሁድ ዘፈንኩ» አለ። «ካውያ ሰጣችሁኝ፣ ዘፈንኩ። ሰማችሁኝ።»

እድሩ ለተከራይ ድንኳን አያወጣም ነበር፤ ለእሱ ግን አወጣ። ሦስቱንም ቀን ሰው አልተለየውም። እናቴ ከአልጋው ግርጌ እዚያች የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ዋለች። ሰው ሲቀልለት «እማማ፣ አንቺ ደግ ነሽ» አላት። «ግን ያ ቀን የእኔ ነው። ለምን ወሰድሽብኝ?» እናቴ የምትለው ነበራት፤ መንገዱ፣ ጦርነቱ፣ ፈተናው። አንዱንም አላነሳችም። «አላወቅሁም ልጄ» ብቻ አለችው።

ከዚያ ወዲያ ካውያ ሊዋስ አልመጣም። በተጨማደደ ሸሚዝ ኮሌጅ ይሄዳል፤ ሰላምታ አይነፍገንም፣ የሰጡትን ይበላል፣ ሳቁ ግን አጠረ። እሁድ ከሰዓት ግቢያችን ጭር አለ። እናቴም ልተኩስልህ የምትልበት አፍ አልነበራትም። ያ ሸሚዝ በሙቀት ጀርባው ላይ ተለጥፎ ሲወጣ እያየች ወደ ቤት ትገባለች።

የሚመረቅበት ቀን ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ነጩን ሸሚዝ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። እኔን አልፎ ሄደና ለእናቴ ሰጣት።  እናቴ ከሰል አቀጣጠለች። ከኮሌታው ጀመረች። ስትጨርስ እሷው አለበሰችው፤ የላይኛውን ቁልፍ ለመቆለፍ አልደርስ ስላላት የለስላሳ ሳጥኑን አምጥቼላት እሱ ላይ ወጣች። እሱም እንደ ሕፃን አገጩን ቀና አድርጎ ቆመላት። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ሸሚዙ ላይ አርፎ ዓይን ይወጋ ነበር።

ከዚያ ወደ ናይሮቢ እንደሄደ ሰማን፤ ሌላ ወሬ አልመጣም። እናቴ ግን እስክታረጅ ድረስ ሸሚዝ የምትጀምረው ከኮሌታ ነበር። ልጄን ያስተማረቻትም እንደዚያው ነው።

ዛሬ እሁድ ነው። ልጄ ደወለች። ስልኩ መጻሕፍቱ ላይ ነው፣ ካውያው እጇ ላይ ነው።

«እማ፣ ዛሬም ተኝታለች እንዳትዪኝ» አለች እየሳቀች።

ፈራሁ። እዚያ ነጠላ አዘቅዝቆ በሯ ላይ የሚቆም ሰው የለም። የወንድሜ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነው።

«ያቺ ልጅ አለች?» አልኳት።

«የቷ?»

«አብራሽ ያለችው።»

«አልጋዋ ላይ ናት። ምነው?»

«አጠገብሽ ትምጣ።»

ሳቋ ቆመ። «እማ?»

«ካውያውን ንቀይና ቁጭ በይ፣ ልጄ።»

ነቀለችው። ያቺ የታንዛኒያ ልጅ ምንም ሳይነገራት ከኋላ መጥታ ትከሻዋን ስትይዛት አየሁ። ልጄ ስልኩን አንስታ ወደ ፊቷ አስጠጋችውና «መቼ?» አለችኝ።

ቀኑን ነገርኳት። «ተኝታለች» ያልኳት ቀን እምዬ አርፋ እንደነበርም ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ ስልኩም ከእጇ ወደ ጎን አጋደለ። ጠረጴዛው ላይ ሸሚዙ ተዘርግቶ ታየኝ፤ የተተኮሰው ኮሌታው ብቻ ነበር።