ለሁለት የተያዘው ጆይስቲክ

ሰፈሩ ሁሉ «መፍቻ» ይለዋል። በእናቱ ቀብር ላይ እንኳ ከደረት ኪሱ የመፍቻ እጀታ ብቅ ብሎ ታይቷልና ስሙ አልተጋነነበትም። ሥራው ጥገና ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም ሱቁ ውስጥ ሪሞት፣ ቻርጀር፣ ማራገቢያ፣ ያገኘውን ሁሉ ይፈታታል። ሰው ሲከፋውም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ወዳጁ መጥቶ «ሆድ ብሶኛል» ቢለው «ጫማህ ጠቦህ እንዳይሆን፣ እስቲ አውልቀው» የሚል ፍጡር ነው። ክፉ ግን አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ።

ታላቅ ወንድሙ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። አንድ ጠዋት ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ ማርሽ ሊያስገባ ቢል ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። መጀመሪያ እንቅልፍ መስሎት በግራው እየመታ ቀሰቀሰው። ስትሮክ ነበር። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አብረውት ወጡ እንጂ የእሱ አልነበሩም። አንደበቱ ትንሽ ተያዘ፣ ተረቡ ግን አልተነካም። ሐኪሙ ሚስቱን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ይኸ ሕመም ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል፣ ከመጣም እንደ መጀመሪያው እንደማይምር ነገራት። እሷም መደበቅ አልቻለችም፣ ነገረችው። «እንግዲያው ወንድሜን ጥሪልኝ» አላት።

መፍቻ መጣ። የአልጋውን ብሎን አጠበቀ፣ የሚያቃስተውን መስኮት ዘይት ቀባ፣ የቴሌቪዥኑን ገመድ ቀየረ። ወንድሙ ታግሶ ታግሶ በመጨረሻ ተናገረ።

«አንተ ልጅ፣ ጨርሰሃል?»

«ይቺ ሶኬት ብቻ ትንሽ ላልታለች፣ ወንድም ጋሼ።»

«ሶኬቷን ተዋት። ያቺን ባለፋኖሷን ጌም ፈልገህ አምጣልኝ። እንጫወታት።»

ባለፋኖሷ የልጅነታቸው ጌም ናት። አንድ ፋኖስ የያዘ ሰውዬ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ይወርዳል፤ መጨረሻው ላይ የተበጣጠሰ ድልድይ አለ፤ ድልድዩን የተሻገረ ብርሃን ያያል ይባላል። ይባላል ነው፤ እነሱ አላዩም። ምክንያቱም ሰውዬውን ማንቀሳቀስ ራሱ መከራ ነበር። ወደ ግራ ብትጫነው ወደ ግራ አይሄድም፤ ቆሞ፣ ባለበት ዞሮ፣ ከዚያ ነው የሚራመደው። ለመዝለል ወደፊት የሚያስኬደውን ሳትለቅ በሌላው እጅ ሁለት ቁልፍ በአንድ ትንፋሽ መጫን ያስፈልጋል። የአንድ ልጅ ጣት ለዚህ አይበቃም። ሰፈሩ ጌም ቤት ውስጥ ስንቱ ጎረምሳ ሰድቧት ተነሥቷል። ሁለቱ ወንድማማቾች ግን አንድ መላ ዘየዱ፦ አንዱን ጆይስቲክ ለሁለት ያዙት። ታላቁ የግራውን ክንፍ ይዞ ያስኬዳል፣ ታናሹ የቀኙን ይዞ ያዘልላል። ጉልበት ለጉልበት ገጥመው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይቀመጡና፣ ታላቁ «አሁን!» ሳይል በፊት ታናሹ በትከሻው ያውቀው ነበር። ሌሎቹ ልጆች «ባለ ሁለት ራስ» እያሉ ያፌዙባቸው ነበር። ቢያፌዙም ግን ድልድዩ አፋፍ የደረሰ ሌላ አልነበረም።

«ግራው ድሮም የእኔ ነበር» አለ ሾፌሩ፣ ደህና እጁን ከብርድ ልብሱ ላይ አንሥቶ። «እግዜር ሲወስድ እንኳ አስቦ ነው የወሰደው። ቀኙን አንተ ትይዛለህ። ያን ድልድይ ሳንሻገር አልሞትም።»

መፍቻ ማሽኑንም ዲስኩንም ከነጆይስቲኩ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ፈልጎ አገኘ። በሚቀጥለው እሑድ አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጀመሩ። ምን ያደርጋል፣ ድሮ በትከሻ የሚግባቡት ሰዎች አሁን በአፍም አልተግባቡ። ሰውዬው ግድግዳ ይላተማል፣ ገደል ይገባል፣ ሲነሣ ደግሞ ጀርባውን ይሰጣቸዋል።

«ይኼ ሰውዬ አይደለም፣ ተሳቢ ነው!» ይላል ሾፌሩ። «ኧረ ፍሬን! ፍሬን ያዝልኝ!»

ሚስቱ ጓዳ ሆና ሳቁን ሰማች። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም ነበርና የምታጥበውን ሳህን ይዛ ቆመች።

መፍቻ ግን አልሳቀም። የማይሠራ ነገር ፊት ለፊቱ ተቀምጦ እንዴት ይስቃል?

«ጥፋቱ የእኛ አይደለም» አለ። «የሠሪዎቹ ነው። ሰው ለማዞር እንዲህ ይደረጋል? ጥሩ ጌም በመያዣው ተበላሸ። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይሄ ነው።»

«አልተበላሸም። መሪው ባይከብድህ ኩርባውን መች ታከብረዋለህ?»

«መሪ ሲቀል ነው ሾፌር በደህና ጡረታ የሚደርሰው፣ ወንድም ጋሼ።»

«እኔ እንደሆን አልደረስኩም» አለና ሾፌሩ እንደገና ሳቀ። «ደግመህ አስነሣው። የሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ከጠዋቱ ና።»

በሚቀጥለው እሑድ መፍቻ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጣም። ጆይስቲኩን ወደ ሱቁ ወስዶ ሆዱን ዘርግፎታል። የሰነፍ ሥራ አልነበረም፤ ደንበኛ እየመለሰ ነው የሠራው። የቀኙን ቁልፎች ነቅሎ በግራ እጅ ጣቶች ሥር ደረደራቸው። እንጨት ጠርቦ ከወንድሙ መዳፍ ጋር የሚገጥም እጀታ አወጣለት፣ ጠርዙን እንዳይቆረቁረው አለዘበው። ባለፋኖሷንም የሚያውቁ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ አስተካክለው የለቀቁትን ቅጂ አገኘ፤ በዚህኛው ሰውዬው ወደጫኑት አቅጣጫ ያለ ምንም ማንገራገር ይሄዳል። መፍቻ ሲሞክረው ደስታው ወሰን አጣ።

የወንድሙ ሚስት በየመካከሉ ትደውላለች።

«ወንድምህ ጠይቂልኝ ብሎኛል። ዛሬም በሩን በሩን ሲያይ ዋለ።»

«እየሠራሁለት ነው በይው፣ እትዬ። ሲያየው ይገርመዋል።»

«እሱ መች ሥራ ጠየቀህ?» አለች። ከዚያ ግን የደከመች ሴት ናትና አልገፋችበትም።

በመጨረሻ ይዞት ሲሄድ እንደ ሙሽራ ታጥቦ ነበር። ዕቃውን ከወንድሙ መዳፍ ላይ አስቀመጠና ራቅ ብሎ ቆመ፣ ጠጋኝ ሥራውን ሲያስረክብ እንደሚቆመው።

«በል፣ ማንንም አትጠብቅ። ሁሉም ነገር በአንድ እጅህ ነው።»

ሾፌሩ ዕቃውን ገልበጥ አድርጎ አየው። የድሮውን ጆይስቲክ ቀለም ከእንጨቱ መሀል አወቀው። ከዚያ ጀመረ። ሰውዬው እንደ ውኃ ይፈሳል። ጉድጓዱን ወረደ፣ ግድግዳውን ዞረ፣ ገደሉን ዘለለ። ሲሳሳት እንኳ ወዲያው ይታረማል። ልጅነታቸውን የበላው መንገድ በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ሾፌሩ ትንሽ ቆም አለ፣ ወደ ቀኙ ዞር ብሎ ባዶውን የአልጋ ጠርዝ አየ፣ ከዚያ ተሻገረ። ሰውዬው ፋኖሱን አጠፋ፣ ነጋ፣ የሠሪዎቹ ስም በስክሪኑ ላይ ይወርድ ጀመር።

«አለቀ?» አለ ሾፌሩ።

«አለቀ! ተሻገርካት፣ ወንድም ጋሼ! አልነገርኩህም? ችግሩ መያዣው ነበር።»

«ይመቻል። እጅህ ይባረክ።» ዕቃውን ቀስ አድርጎ ብርድ ልብሱ ላይ አኖረው። «አሁን ታዲያ ምን ልትል ትመጣለህ?»

መፍቻ ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ሌላ ጌም አመጣልሃለኋ!» አለ። ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ነገሩ መፍቻ ልብ ውስጥ የገባው መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። አጠገቡ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች አንድ ስልክ ለሁለት ይዘው፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ምንነቱን ያላየውን ነገር እያዩ ይሣሣቃሉ። ያን ጊዜ የወንድሙ ጥያቄ ተመልሶ መጣበት። ያ ደንቃራ ጆይስቲክ ነበር ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጣቸው፤ ሰውዬው ሲሰናከል ነበር ትከሻቸው የሚገናኝ። እሱ ደንቃራውን ላነሣ ብሎ ራሱን አነሣ። ሞኝ! ስንቱን ሲፈታታ የኖረ ሰው ይህችን አጣት።

እዚያው ወርዶ ቢመለስ ኖሮ ደግ ነበር። አሮጌ ዕቃ ነጋዴው ዘንድ ሌላ ጆይስቲክ ሞልቷል፤ ይዞ ቢሄድ ማን ከለከለው? መፍቻ ግን መፍቻ ነው። የድሮው፣ ያው ራሱ ይሁን አለ። ማግስቱን ሄዶ፣ ወንድሙ ተኝቶ ሳለ ዕቃውን ከአልጋው ሥር ወሰደ። ከእንጨቱ ፈልቅቆ አወጣው፣ ቁልፎቹን ወደ ቦታቸው መለሰ፣ የተሰነጠቀ ክዳኑን ገጠመ፣ የቁልፎቹ ላስቲክ ሰለለብኝ ብሎ ሌላ አስመጣ፣ እንደገና ፈታ። «ነገ ይዤለት እሄዳለሁ» ይላል። ነገ ሲመጣ ደግሞ አንዷ ቁልፍ ትጠብቅበታለች።

ስልኩ ሲደወል የመጨረሻዋን ብሎን እያስገባ ነበር። የወንድሙ ሚስት ድምፅ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ሁለተኛው መጣበት» አለች። «ደጋግሜ ደወልኩልህ፣ አታነሣም።»

ሾፌሩን ከሆስፒታል ወደ ቤት የመለሱት፣ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምንጨምርለት የለም ካሉ በኋላ ነው። አሁን ግራ እጁም የእሱ አይደለም፤ አንደበቱም ተረቡም ሄደዋል። የቀሩት ዐይኖቹ ናቸው። መፍቻ ጆይስቲኩን በፌስታል ይዞ ገባ። ሴትየዋ ፌስታሉን አየች። እሷ ባትልም እሱ ለራሱ አለው፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ቢሆንም ማሽኑን ሰካ፣ ባለፋኖሷን የጥንቷን ከፈተ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የጆይስቲኩን የግራ ክንፍ ከወንድሙ መዳፍ ሥር አስገባና አውራ ጣቱን አንሥቶ ቁልፉ ላይ አኖረለት። ጣቱ ተንሸራቶ ወረደ። ደግሞ አኖረው፣ ደግሞ ወረደ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ መፍቻ፣ ኪሱን እየዳበሰ። «በላስቲክ ብናስረው... እትዬ፣ ላስቲክ የለሽም? ወይም ቀጭን ገመድ? እዚህ ጋ ጠበቅ ብናደርገው...»

«ተወው!» አለች ሴትየዋ። ጮኻበት አታውቅም ነበር፣ አሁን ጮኸች። «ባክህ ተወው! አንድ ቀን እንኳ ምንም ሳትጠግን አጠገቡ ተቀመጥለት!»

የመፍቻ እጆች ወዴት እንደሚገቡ ጠፍቷቸው ጉልበቱ ላይ ወደቁ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰውዬው ፋኖሱን ይዞ የሚያስኬደውን ይጠብቃል፤ ማንም አልነካው። መፍቻ እንባው እየወረደ ወንድሙ የት ድረስ ያይ እንደሆነ ለማወቅ ዐይኑን ተከተለ። ሾፌሩ ስክሪኑን አያይም ነበር። ከመጣ ጀምሮ የሚያየው እሱን ነው።