በትንፋሽ የሚባል አዎ

ቡራዩ የሰጡኝን ወረቀት አልጣልኩትም። የባለቤቴ የሞት ማስረጃ ካለበት ፌስታል ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሁለቱም ስለማያውቁት ሰው በሙሉ ልብ የሚናገሩ ወረቀቶች ናቸውና ይስማማሉ። የቡራዩው «ተመዛኟ በማናቸውም መንገድ ፈቃዷንም ሆነ እምቢታዋን መግለጽ አትችልም» ይላል። ተመዛኟ ልጄ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንገቷ በራሱ አይቆምም፤ እጇ የፈለገችው ቦታ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከሳተ በኋላ ነው፤ ዓይኗ ከክንድ ርቀት ያለፈውን አጥርቶ አያይም፤ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ይህን ሁሉ ወረቀቱ በትክክል ጽፎታል። የተሳሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ዋናው ነው።

ልጄ «አዎ» የምትለው ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ በማድረግ ነው። የእሷ ፈጠራ አይደለም። ሰበታ ገበያ ሽንኩርት ሻጯን «ያልበሰበሰ ነው?» ብትሏት ትንፋሿን ሳብ ታደርጋለች፤ አዎ ማለቷ ነው፤ ማንም አስተርጓሚ አይፈልግም። የቀበሌው ጸሐፊ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠችው ሴት፣ የንስሐ አባታችሁ ሳይቀሩ እንዲሁ ያደርጋሉ። «አይደለም» ለማለት ደግሞ ሌላው ሰው በምላሱ ጠቅ ያደርጋል። የልጄ ምላስ ይህን ስለማይችል ዓይኗን ጭምቅ አድርጋ ትጨፍናለች። የቀረውን ገመዷ ይናገርላታል።

ገመዱን የሠራው አባቷ ነው። የአበባ እርሻ ውስጥ የውኃ ፓምፕ መካኒክ ነበር፤ የማይሠራ ነገር መኖሩን የሚያምን ሰው አልነበረም። ከዊልቸሯ አንዱ ክንድ እስከ ሌላው የሚታሰር ወፍራም ገመድ ነው፤ በየስንዝሩ ቋጠሮ፣ በየቋጠሮው አንድ ዕቃ አለው። ማንኪያው ርቦኛል ነው። የፕላስቲክ ኩባያው ውኃ፣ የፎጣው ቁራጭ እጠቡኝ፣ የበሩ ቁልፍ ውጭ አውጡኝ። የአሮጌ ሻሼ ቁራጭ እኔ ነኝ። በመጨረሻው ቋጠሮ ላይ ከተበላሸ ፓምፕ የወጣ፣ ግሪስ ግሪስ የሚሸት ጥቁር የጎማ ቀለበት ነበር፤ እሱ አባባ ነው። እጇ አንዱን ሲነካ «ይሄን ነው?» ብለን እንጠይቃታለን። እሱ በኦሮምኛ ይጠይቃታል፣ እኔ በአማርኛ፤ ለሁለታችንም ትመልሳለች። እናቷ ሁለቱን ቋንቋ አሟልታ እንደማትችል ማንም መዝኖ አልጻፈብኝም።

ባለቤቴ አንድ ቀን ረፋድ ላይ እዚያው ፓምፑ አጠገብ ወደቀ፤ አልተነሣም። ድንኳኑ ሲተከል ልጄን ጓዳ አስገቧት። ለቅሶ ላይ የምትታይ አልሆነችም መሰለኝ። የባለቤቴ እህት በሩን ገርበብ አድርጋ፣

«እሷስ ታድላ፤ ምኑን አውቃው» አለች።

በዙሪያዬ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። አዎ ማለታቸው ነው። ልጄ ከጓዳ ሆና ያ ሁሉ ሰው ምኑን አዎ እንዳለ ሰምታለች ብዬ ዛሬ አስባለሁ። ያን ቀን ግን አላሰብኩም።

ከስምንት ወር በኋላ እኛው ሰበታ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተደራራቢ ጉዳት ላለባቸው ልጆች ክፍል ተከፈተ። እኔ የሌላ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ቀን ቀን ልጄ ጎረቤት ትውላለች። ጎረቤቴ ደግ ሴት ናት። ሆኖም ገመዱን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ልጄን ከጠዋት እስከ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ታስቀምጣታለች። ስለዚህ ያ ክፍል ያስፈልገን ነበር። ክፍሉ ግን የሚቀበለው «መግባባት ይችላል» የሚል የባለሙያ ወረቀት የያዘ ልጅ ብቻ ነው። ለምን ብዬ ርዕሰ መምህሩን ጠየቅኋቸው።

«የማይግባባ ልጅ እንዴት አድርገን እናስተምር፣ እናት?» አሉኝ።

ሐኪም ቤትም ጤነኛ ብቻ የሚቀበል ቢሆን የሚሰጠው መልስ ይሄው ነው።

ቡራዩ አንድ ማዕከል እንደሚመዝን፣ ለመግባቢያ የሚሆን ታብሌትም እንደሚሰጥ ሰማሁና ሄድን። ከሰበታ ቡራዩ በሁለት ታክሲና በአንድ ባጃጅ፣ ዊልቸር አጣጥፎ፣ ልጅ በጀርባ አዝሎ ነው። ገና ስንደርስ ልጄን ታብሌት አስታቅፈው ፎቶ አነሷት። ምዘናው በኋላ ነው፤ ፎቶው ግን የጠዋት ብርሃን ይፈልጋል አሉ። ከዚያ ታብሌቱን ተቀብለዋት ለወረፋ ከበር አስቀመጡን።

መዛኙ ሠላሳ ያልሞላው፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት የልጄን ትንፋሽ ሳዳምጥ የኖርኩትን ሴት፣

«ማዘር፣ እርስዎ ከኋላ ይቀመጡ። እንዳይረዷት» አለኝ።

«ገመዷን ላስርላት?»

«ምንድነው እሱ?»

«የምታወራበት ነው።»

«ስታንዳርድ አይደለም፣ ማዘር። በፎርሙ ነው የምንሄደው።»

በፎርሙ ሄደ። ታብሌቱ ላይ ቢጫ አውቶቡስ፣ የተቆረሰ ፒዛና በረዶ ላይ የሚንሸራተት ልጅ አለ። አንዱን ሲነኩት አማርኛ ይናገራል፤ ድምፁ ግን የጎልማሳ ወንድ፣ ያውም የዜና አንባቢ ድምፅ ነው። «ርቦኛል» ሲል የሆነ ሚኒስትር የተራበ ይመስላል። ልጄ ደንግጣ ክንዶቿ ተወጠሩ። «አውቶቡሱን አሳዪኝ» አላት። ልጄ አውቶቡስን የምታውቀው በመንገጫገጩና በጭሱ ነው፤ መንገድ ላይ ሲያልፍ መልኩን ለማየት ዓይኗ አይደርስም። ለብ ያለውን የታብሌት መስታወት ፊቷ ላይ ይዞ ሠላሳ ሰከንድ ቆጠረና «አልመለሰችም» ብሎ ጻፈ።

ቀጥሎ «ሙዚቃ ትወጃለሽ?» አላት። ፎርሙ ላይ አዎ ማለት ራስን መነቅነቅ ወይም አረንጓዴውን ምልክት መንካት ነው።

ልጄ ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

ጠበቀ። መልሶ ጠየቃት፤ አሁን ጮክ ብሎ፤ ደንቆሮ እንደሚያናግር ሰው። ልጄም እንደገና ሳብ አደረገች፤ ይበልጥ ጎላ አድርጋ።

«አዎ እያለችህ እኮ ነው» አልኩ ከኋላ። አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

«ማዘር፣ እባክዎ። አስም አለባት እንዴ?»

ይህን ሲል ስልኩ ጠራ። አነሣው። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው፣ አለቃው መሰለኝ፣ ይናገራል፤ የእኛ ባለሙያ ትንፋሹን ሳብ ያደርጋል። ማዶኛው ይቀጥላል፤ እሱም ሳብ። ሌላ ጥያቄ፤ ሌላ ሳብ። አንድም ቃል ሳይወጣው ጉዳዩ አለቀና ስልኩን ዘጋው። አለቃው «አስም አለብህ ወይ» እንዳላለው እርግጠኛ ነኝ።

ልጄ ሳቀች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በእሷ ቋንቋ ሲያወራ ሰማችና አንገቷ እስኪያዘነብል ሳቀች።

እሱ እስክሪብቶውን አንሥቶ ጻፈ። ኋላ ወረቀቱ ሲሰጠኝ አነበብኩት፤ «ያለ ምክንያት ትስቃለች። የትንፋሽ መቆራረጥ ይታይባታል፤ ሐኪም ይያት።» ታብሌቱም ክፍሉም ቀሩ። ፎቶዋ ግን እስከ ዛሬ ማዕከሉ ግድግዳ ላይ አለ ይላሉ፤ ታብሌት ታቅፋ።

ስለ ሱሉልታ የነገረችኝ እዚያው ወረፋ ላይ ያገኘኋት እናት ናት። የልዩ ፍላጎት መምህር የነበሩ፣ ጡረታ የወጡ ሴት እንዳሉና ወረቀታቸውን የሰበታው ክፍል እንደሚቀበል ነገረችኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሄድን። የሱሉልታ ብርድ የሰው አጥንት ይቆጥራል። ሴትዮዋ የሱፍ ሹራብ ደርበው፣ ጫማቸው ጭቃ ይዞ፣ ደጃፋቸው ላይ ጠበቁን። ታብሌት የላቸውም። ንቀቴን ከቡራዩ ይዤ ስለመጣሁ፣ ይቺ ደግሞ ከዚያኛው የባሰች ናት አልኩ በልቤ።

ወንበር አልሳቡም። ልጄ ፊት መሬት ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን ወደ ፊቷ አስጠግተው፣

«አካም ጂርታ፣ ያ ኢንታላ?» አሏት።

በኦሮምኛ ደኅና ነሽ ወይ፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። አባቷ ከሥራ ሲገባ የሚላት ይህንኑ ነበር። ከሞተ ወዲህ በዚያ ቋንቋ ያናገራት አልነበረም። ልጄ ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

«ደኅና ናት» አሉኝ ሴትዮዋ ዞር ብለው፤ ነገሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። «ይሄ ገመድ የማን ሥራ ነው?»

«የአባቷ። ነፍሱን ይማረው።»

«ነፍስ ይማር። ጎበዝ ሰው ነበር። እሰሪላት እስቲ።»

አሰርኩላት። ማንኪያውን አስነክተው «ኩባያ ነው?» አሏት፤ ጨፈነች። «ማንኪያ ነው?» ሳብ አደረገች። ቁልፉን፣ ፎጣውን፣ ሻሹን እንዲሁ። አንድ ብርጭቆ ሻይ በሚጠጣበት ጊዜ ውስጥ፣ ቡራዩ በሙሉ ቀን ያላገኘውን አገኙ። እኔም ድል እንዳደረገ ሰው ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ የልጄ እጅ ተንቀጥቅጦ ሄዶ የመጨረሻው ቋጠሮ ላይ አረፈ። ምንም የለበትም። ወደቀ፤ ተመልሶ ሄደ። ሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር ሴትዮዋ እጇን ደገፍ አደረጉላት።

«ይሄ ላይ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

«የጎማ ቀለበት ነበር፤ ወደቀ» አልኩ።

ልጄ ዓይኗን ጭምቅ አድርጋ ጨፈነች።

ሴትዮዋ እሷን አዩ፤ እኔን አዩ። «አይደለም እያለችሽ ነው» አሉኝ በዝግታ።

አልወደቀም። በአርባው ማግስት በመቀስ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በየሰዓቱ ቀለበቱን ትነካ ነበር፤ አባባስ? አባባስ? በእንግዳ ሁሉ ፊት። ለእሷ የምመልሰው አልነበረኝም። «ምኑን አውቃው» የሚለው ቃል ደግሞ ሲመቸኝ ጊዜ ተጠለልኩበት። ቡራዩ ድረስ ሄጄ ልጄ መናገር ትችላለች እያልኩ ሰው ስሰድብ፣ ካወቀቻቸው ጥቂት ቃላት አንዱን በእጄ ቆርጬ ነው። ያ ጫማው የሚያብረቀርቅ ልጅ ቢያንስ አላወቀም። እኔ አውቃለሁ።

«የት ነው ያለው?» አሉኝ።

«ቦርሳዬ ውስጥ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቦርሳዬ ወጥቶ አያውቅም።

«መልሺላት።»

አውጥቼ አሰርኩት። ልጄ ነካችው። ሴትዮዋ ተነሥተው መስኮቱ ጋ ቆሙ፤ ጀርባቸውን ሰጡን። የተጠየቅኩት እኔ ነበርኩ።

«አባባ ሞቷል» አልኳት። «አይመጣም። ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ታውቂ ነበር?»

እጇን ከቀለበቱ ላይ አላነሣችም። ከዚያ ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

አንድ ጊዜ ብቻ። ሰምቼዋለሁ። ከስምንት ወር በላይ ብቻዋን ለቅሶ ተቀምጣለች፤ አጽናኝ ሳይመጣላት፣ ከቴሌቪዥን ጋር።

የሱሉልታው ወረቀት አጭር ነው፤ «ትጠይቃለች። ትመልሳለች። እናቷን ታርማለች።» ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውጥተው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«የመጨረሻዋ ምን ማለት ናት፣ እናት?» አሉኝ።

«እሷን ይጠይቋት» አልኳቸው።

እንዴት እንደሚጠየቅ ሳያውቁም ወደ ዊልቸሩ ጎንበስ አሉ። «እናትሽን ታርሚያለሽ?»

ልጄ እጇ ቀለበቱ ላይ እንዳለ ትንፋሿን ሳብ አደረገች። እኔ አንድም ቃል አልተረጎምኩም። ርዕሰ መምህሩ ቀና ብለው የተማሪ መዝገባቸውን ገለጡና መጻፊያ ፈለጉ።