እጥፋት ያልተተወላቸው ልብሶች

ባለፈው ሰሞን ለልጅ ልጄ ሱሪ ልገዛለት ዱባይ ተራ ገብቼ ሳለ፣ አንዱ ነጋዴ ከባሕር ማዶ የመጣ የልብስ ቦንዳ በቢላ ሲቀድደው የናፍታሊን ሽታ ድንገት ወጥቶ አፍንጫዬን ሞላው። ያን ሽታ እንዲያ ባለ ጉልበቱ ካሸተትኩት ስድሳ ዓመት ሳይሞላ አይቀርም። ባለሁበት ተገትሬ ስቀር ባለሱቁ ዱካ ስቦልኝ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ውሃ ላምጣልዎ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት፤ ደህና ግን አልነበርኩም።

ከመቀጠሌ በፊት የሚናገረው ማን እንደሆነ ይታወቅ። እኔ ጀማል ሳልህ እባላለሁ። ማመልከቻ ማስጻፍ የፈለገ ሰው ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብሎ ማንንም ቢጠይቅ ወደ እኔ ይመሩታል። ከአርባ ዓመት በላይ በአንዲት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ የውርስ፣ የቤት፣ የፍቺ፣ የጡረታ ጉዳይ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ሕግ የተማሩ ጠበቆች ጽሑፌን አንብበው «አባባ፣ የት ነው የተማሩት?» ብለው ጠይቀውኛል። «ስኳር መጠቅለያ ላይ» እላቸዋለሁ፤ ቀልድ እየመሰላቸው ይስቃሉ። ቀልድ አይደለም። በሕይወቴ አንድም ቀን ተማሪ ሆኜ ከክፍል አልገባሁም፤ ሆኖም አማርኛ እጽፋለሁ፣ አረብኛ አነባለሁ፣ እንግሊዝኛውም ቅጽ ለመሙላት አያንሰኝም። ይህን ሁሉ በራሴ ነው ያገኘሁት። ከትምህርት ቤት ያስቀረኝ ደግሞ አባቴ ነው።

አባቴ ሳልህ የመናዊ ነበር። በጎረምሳነቱ እስከ ጅቡቲ በመርከብ፣ ከጅቡቲ በባቡር መጥቶ መርካቶ ውስጥ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ክብሪትና ላምባ የሚሸጥ ሱቅ ከፈተ፤ ያኔ እንዲህ ያለውን ሱቅ ሰዉ ሁሉ «አረብ ቤት» ነበር የሚለው። ከስልጤ የመጣችውን እናቴን ሽኩሪያን አግብቶ፣ ከሱቁ ጀርባ በነበረችው አንዲት ክፍል እኔንና ታናሽ እህቴን ወለደ። በዚህ አገር ሃያ ዓመት ቆየ፤ መንገደኛ ሆኖ ቆየ እንጂ ኖረ አልልም። አልጋ አልገዛም፤ ፍራሻችን መሬት ላይ ነበር። ጠረጴዛችን ሁለት ባዶ የሻይ ቅጠል ሳጥን ነበር። የተሰበረውን የመስኮት መስታወት በካርቶን ደፍኖት ስለነበር ቤታችን ቀንም ጨለማ ነበር፤ እናቴ መስታወት እንዲያስገጥምላት ስትለምነው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ለማን ብዬ? ለዓረፋ እዚያ ነን» ይላት ነበር። የሚመጣውን ዓረፋ በግ የምናርደው አባቴ በተወለደበት መንደር ነው ማለቱ ነው። እኔ ይህን ቃል ከራሴ ስም እኩል እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

በጣም የሚከፋው ክረምቱ ነበር። አባቴ የባሕር ዳርቻ ሰው ስለነበር የአዲስ አበባን ብርድ እንደ ስድብ ነበር የሚቆጥረው፤ ከወገቡ በታች ፉጣውን አገልድሞ፣ ከላይ ወፍራም ካፖርት ደርቦ፣ ከባንኮው ኋላ እየተንቀጠቀጠ «ሞቃት አገር ነው ብለውኝ ነበር፤ ዋሽተውኛል» እያለ ለገበያተኛው ሁሉ ያማርር ነበር። ጣሪያችን ልክ ከፍራሻችን በላይ ያፈስ ስለነበር፣ ዝናቡ ሲጀምር እናቴ ጣሳዎቿን ትደረድርና ጣሳው በሞላ ቁጥር እየተነሳች ትደፋ ነበር። ከጎናችን በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውል ጋሽ ወልዴ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጉራጌ ነው፣ ክርስቲያን ነው፣ አፉ ግን ማንንም አይምርም።

«ሳልህ፣ አንድ ቆርቆሮና አምስት ምስማር ነው የሚፈልገው። እኔ ወጥቼ ልምታልህ?»

«ተወው ወልዴ። ለዓረፋ እዚያ ነን።»

«አምና ያልከው ዓረፋ ነው ወይስ ሌላ ዓረፋ መጥቷል?»

አባቴ አብሮ ይስቅ ነበር። ጣሪያው ግን እንዳፈሰሰ ይከርም ነበር።

መስከረም ሲጠባ የሰፈሩ ልጆች ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ሲሄዱ እኔ ከሱቁ ደጃፍ ቆሜ አያቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ቁርአን ቤት እሄዳለሁ፤ አረብኛውን እዚያ ነው የቆጠርኩት፣ ለዚህ አባቴን አላማውም። የአማርኛውን ነገር ሳነሳበት ግን «የዚህ አገር ፊደል ምን ያደርግልሃል? እዚያ ማን ያነብልሃል?» ይለኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ መስከረም እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቴን በምራቋ ጠርጋ፣ ለአባቴ ሳትነግረው ትምህርት ቤት ወሰደችኝ። መዝጋቢው ስሜን ጻፈ፤ የአባቴንም ስም ጻፈና ቀና ብሎ «የውጭ አገር ሰው ነው? እንግዲያውስ የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ ራሱ ይምጣ» አለን። ስሜ መዝገቡ ላይ ሰፍሮ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቀረው የአባቴ መምጣት ብቻ ነበር።

እናቴ ያን ዕለት ምሳ አቅርባለት አጠገቡ ቁጭ ብላ ለመነችው። «ሳልህ፣ አላህ ይስጥህ፣ አንድ ቀን ብቻ ነው። ሄደህ ፈርምለት።»

«ለስንት ወር ትምህርት? ለዓረፋ እዚያ ነን እያልኩሽ!»

«ብንሄድም ያቋርጣል። ባንሄድስ?»

ይህን «ባንሄድስ» ስትል አባቴ ሳህኑን ገፍቶ ተነሣ። በቤታችን ያ ቃል እንደ እርግማን ነበር የሚቆጠረው። ዓረፋው መጣ፣ በጉን መርካቶ አረድን፣ መስከረም ተመልሶ ጠባ፤ የኔ ስም ግን መዝገቡ ላይ እንደተሰረዘ ቀረ።

ያኔ ነው መጠቅለያዎቹን ማንበብ የጀመርኩት። አባቴ ስኳርና ሻይ ቅጠል የሚጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ በኪሎ ይገዛ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከክምሩ እየመዘዝኩ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያየሁ፣ ሻይ ከሚለው ቃል ሻን፣ ክብሪት ከሚለው ክን እየነጠልኩ፣ የአንዱን ቁልፍ በሌላው እየከፈትኩ ሄድኩ። ጋሽ ወልዴም ልብስ ላይ በሚያሰምርበት ሳሙና ጥቂት ፊደል ጽፎ አሳይቶኛል፤ ያን ያህል ግን አይደለም፣ አብዛኛው የራሴ ጭንቅላት ነው። በሁለተኛው ዓመት ሙሉውን ገጽ ሳልደናቀፍ አነብ ነበር፤ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች እንኳ ሲያቅታቸው ወደ እኔ ይመጡ ነበር።

አሁን የናፍታሊኑ ሽታ ወዳስታወሰኝ የአባቴ ሳንዱቅ ልምጣ። ክረምቱ ወጥቶ በጋ ሲገባ አባቴ ይታደሳል፤ ፀሐይ ስትሞቀው አገሩ የቀረበችው ይመስለዋል። አርብ ከሶላት በኋላ እንደሱ ያሉ የመናውያን ሱቃቸውን ዘግተው ቤታችን ይሰበሰቡና፣ ጫት እየቃሙ፣ የየመንደራቸውን ቴምርና የጉድጓድ ውሃ እያነሱ ይጫወቱ ነበር፤ የሚመጣውን ዓረፋ እዚያ ነው የማደርገው ያላለ አልነበረም። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በየበጋው አባቴ ካኪ ወይም ሱፍ ይዞ፣ እጄን ጎትቶ፣ ጋሽ ወልዴ ዘንድ ይወስደኝና ሙሉ ልብስ ያሰፋልኝ ነበር። ለመርካቶ አልነበረም። እዚያ ስንደርስ ዘመዶቹ ፊት የምለብሰው ነው።

«ልጅ ያድጋል፣ ሳልህ። ከሱሪውም ከእጅጌውም አንድ አራት ጣት እጥፋት ልተውለት፤ ሲያጥረው ፈትቼ አወርድለታለሁ።»

«አይሆንም! ልኩን ስፋ። ልብሱ ሰፍቶት ቢያዩት አባቱ ድሃ ነው ይላሉ። ደግሞ መቼ ሊያድግ ነው? ለዓረፋ እዚያ ነን።»

ጋሽ ወልዴ ወደ እኔ ጥቅሻ ወርውሮ «እንግዲህ ጀማል፣ እስከ ዓረፋ እንዳታድግ፤ አባትህን ታዋርዳለህ» ይለኝ ነበር። ልብሱ ሲያልቅ አባቴ ራሱ አጣጥፎ፣ ናፍታሊን በትኖበት፣ በር ሥር የምትቆመው የቆርቆሮ ሳንዱቅ ውስጥ አስገብቶ ይቆልፍበት ነበር፤ ቁልፉ ከቀበቶው አይለይም። እኔ ከአባቴ አሮጌ ሸሚዝ ተቆርጦ የተሰፋ ለብሼ እውል ነበር። በበዓል ቀን የሰፈሩ ልጆች አዲስ ለብሰው ሲወጡ «እኔም ሳንዱቅ ውስጥ አለኝ» ስላቸው «ሂድና ሳንዱቅህን ና ውጣ በለው! ሳንዱቁ ነው አዲስ የለበሰው!» እያሉ ይከተሉኝ ነበር። በልጅነቴ ስድስት ሙሉ ልብስ ተሰፍቶልኛል። አንዱንም ለብሼ ከደጃፍ አልወጣሁም።

አሥራ ሦስት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ደብዳቤ መጣ። የአባቴ አባት ሞቷል፤ ወንድሞቹ ቤትና መሬት ሊካፈሉ ስለሆነ ቶሎ ና ይላል። አባቴ ሱቁን በአንድ ሳምንት ውስጥ ለአገሩ ሰው አስረከበ። መጀመሪያ እኔን ይዞኝ ሊሄድ፣ ቤቱን ከያዘ በኋላ እናቴንና እህቴን ሊያስመጣ ተወሰነ። እኔ ደስታዬ ወደር አልነበረውም፤ ያ ሁሉ ዓመት የጠበቅኩት፣ ትምህርት ቤቱንም፣ የበዓል ልብሱንም፣ አልጋውንም የተውኩለት ነገር መጣልኛ! ባቡሩ በማግስቱ ጠዋት ነበርና ከሰዓት በኋላ አባቴ ሳንዱቁን ከፈተ። የናፍታሊኑ ሽታ ክፍሏን ሞላት።

የመጨረሻውን ልብስ አወጣልኝ። ያን ክረምት ድንገት ተመዝዤ ነበር፤ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቀረ፣ ኮቱ ትከሻዬን አላስገባ አለ፣ ክንዴ ከእጅጌው ግማሽ ድረስ ወጣ። አባቴ ኮቱን ወደፊት ጎተተው፣ ወደኋላ ጎተተው፣ ከዚያ ሱሪውን ገልብጦ እጥፋት ፈለገ። አልነበረም። ልክ እንደሌለ እያወቀ የታችኛውን፣ ከሥሩም ያለውን እያወጣ ደረቴ ላይ ይለካኝ ጀመር፤ ሳንዱቁ ሥር የነበረው የሰባት ዓመቴ ሱሪ ጉልበቴን አያልፍም ነበር። ሲጨንቀው ጋሽ ወልዴን ጠራው። ጋሽ ወልዴ መጥቶ አየኝና ያን ቀን አልቀለደም።

«እጥፋት ልተውለት ብዬህ ነበር፣ ሳልህ። ትርፍ ጨርቅ ከየት አመጣለሁ? ሦስት ቀን ስጠኝና አዲስ እሰፋለታለሁ።»

«ባቡሩ ነገ ነው።»

«እንግዲያው እንዳለ ይሂድ። ልጅህ ነው እኮ፣ ናሙና አይደለም!»

አባቴ የለበስኩትን አሮጌ ሸሚዝ አየና በአረብኛ ቀስ ብሎ «ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በዚህ ቡትቶ ልጄን ይዤ ወንድሞቼ ፊት ልግባ?» አለ። ወደ እኔ ዞሮ «ከዓረፋ በኋላ አስመጣሃለሁ» አለኝ። «አባ፣ ምንም አልልም፣ በዚሁ እሄዳለሁ» አልኩት። ራሴን ዳበሰኝ። በማግስቱ ጠዋት ብቻውን ሄደ፤ ሳንዱቁን እንኳ አልወሰደውም። ልብሱ ሰበብ ይሁን እውነት፣ ከጥቁር እናቴ የተወለድኩትን እኔን ማሳየት አፍሮ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻለኝም አላውቅም።

ዓረፋ ሲመጣ እናቴ ቤት ውስጥ ምንም አልነበራትምና ለጎረቤት የምትሰጠው እነዚያ ልብሶች ብቻ ነበሩ፤ ስድስቱንም በልካቸው ላሉ የሰፈር ልጆች አከፋፈለች። ጠዋት ከደጃፋችን ቆሜ ልጆቹ ወደ መስጊድ ሲወርዱ አየሁ። የሰባት ዓመቴ ካኪ ቀድሞ ይሄዳል፣ የዘጠኝ ዓመቴ፣ ትምህርት ቤት የተሰረዝኩበት ዓመት ልብስ፣ የአባቱን እጅ ይዞ ይከተላል፣ የአሥራ ሁለት ዓመቴ ሱፍ ከኋላ እየሳቀ ይሮጣል። ሁሉም ልካቸው ነበር።

ከአባቴ ሦስት ደብዳቤ ደረሰን። እናቴ አረብኛ ስለማታነብ እኔ ነበርኩ የማነብላት። የመጨረሻው እንዲህ ይል ነበር፦ «እዚህ ሐበሻው ይሉኛል። የደረሰኝ ክፍል መስኮት የለውም፤ አላስገጠምኩትም፤ ለዓረፋ እናንተ ዘንድ ነኝና።» አንብቤ ስጨርስ እናቴ «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩላት። ከዚያ በኋላ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም፤ ከዓመታት በኋላ ከዚያ የመጣ ነጋዴ መሞቱን ነገረን።

አሥራ አምስት ሲሞላኝ የቤቱ ባለቤት ክፍሏን ሊያስለቅቀን መጣ። የመጀመሪያውን ማመልከቻዬን ያኔ ጻፍኩ፤ ሁለት ገጽ፣ አንድ ስርዝ ሳይኖርበት። ያቀረብንለት የማዘጋጃ ቤት ሹም አንብቦ «ማነው የጻፈላችሁ?» ሲል እናቴ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። «ይሄ? ይሄ ገና ኳስ የሚጫወት አይደል እንዴ!» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ መልሶ አነበበውና አልሳቀም። ክፍሏ ለእኛ ጸናች።

ዛሬ ዘመኑ ሌላ ነው። አረብ ቤቶቹ የሉም፣ በጋሽ ወልዴ በረንዳ ላይ ፎቅ ቆሟል፣ ልብስም በልክ የሚሰፋ ሳይሆን ተሰፍቶ የሚመጣ ሆኗል። እኔ ግን ያደረግኩትን አውቃለሁ። ደመወዝተኛ ሳልሆን በገዛ እጄ ባገኘሁት ገንዘብ መጀመሪያ አንድ ቆርቆሮና አምስት ምስማር ገዝቼ ጣሪያውን መታሁ፤ እናቴ ከዚያ ወዲያ ጣሳ አልደፋችም። መስታወቱን አስገጠምኩ። አልጋ ገዛሁ፤ እናቴ የሞተችው አልጋ ላይ ነው። እህቴን አስተማርኩ። አምስት ልጆቼን በየመስከረሙ ራሴ እጃቸውን ይዤ ወስጄ፣ ራሴ ፈርሜ፣ ስማቸው መዝገብ ላይ ሰፍሮ ሳላይ አልተመለስኩም። አንድም ልብስ ቆልፌባቸው አላውቅም፤ ያን ቀን ዱባይ ተራም ባለሱቁን «ሱሪው እጥፋት አለው?» ብዬ ጠይቄ፣ ገልብጬ አይቼ፣ የልጅ ልጄን እዚያው ለብሶት እንዲወጣ አደረግኩ፤ በፌስታል ይዘን የተመለስነው አሮጌውን ነው። ለስንቱ ምስኪን ጽፌ ቤቱን አስመልሻለሁ፣ ቁጥሩን አልያዝኩም።

አባቴን ይቅር ማለትን በዚህ ዝርዝር ውስጥ አላስገባሁትም። ያልተፈጸመ ነገር ማመልከቻ ላይ አይጻፍም፤ ይህንንም ያስተማረኝ የለም።