የገና ጾም ሸለምጥማጥ

ደሴ ከምኖርበት ሰፈር ዝቅ ብሎ፣ የበዓል ዋዜማ በደረሰ ቁጥር ዶሮ እያረዱ የሚነጩ ልጆች አሉ፤ በዚያ ሳልፍ በፈላ ውኃ የተነከረ ላባ ጠረን ይቀበለኝና መካነ ሰላም ወደሚገኘው ጓሯችን፣ ከቁልቋሉ ሥር ወስዶ ያቆመኛል። ሌላው ሰው ይህን ሲያሸት ወጡ ይታየዋል። እኔ የሚታየኝ ሸለምጥማጥ ነው።

አባቴ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነበሩ፤ ቀን ቀን በየቀበሌው እየዞሩ ገበሬውን ስለ ዶሮ አያያዝ ሲመክሩ ይውሉና፣ ቤት ሲገቡ ተማሪያቸው እኔ ነበርሁ። ክረምት ላይ፣ ጭጋጉ ግቢውን ሞልቶ ዶሮዎቹ ከጣራው ጠርዝ ሥር ተኮልኩለው ሲውሉ፣ «ሌባን የምታውቂው በሥራው ነው» እያሉ ያስጠኑኝ ነበር። ጭልፊት በቀን መጥቶ ጫጩት ነጥቆ ይሄዳል፣ የሚተርፈው የእናቲቱ ጩኸት ነው። ውሻ ላባውን በግቢው ሁሉ ይበትነዋል። ሸለምጥማጥ ግን የዶሮዋን አንገት ነክሶ ደሟን ይመጥና በድኗን እዚያው ጥሎ ይሄዳል። ለጭልፊቱ ጫጩቶቹ ላይ ቅርጫት እንደፋ ነበር፤ ለሸለምጥማጡ በዶሮ ቤቱ ዙሪያ እሾህ አጥረን፣ ሲመሽ በመዝጊያው ሥር አመድ ነስንሰን ጠዋት ዱካ እንፈልግ ነበር። በዚህ ትምህርት ከክፍል ትምህርቴ ይልቅ ጎበዝ ነበርሁ።

ያን ክረምት ታላቅ እህቴ አልማዝ ከቤት ከወጣች ወራት አልፈው ነበር። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሽማግሌ ልኮ፣ አባቴ «መጀመሪያ ትምህርቷን ትጨርስ» ብለው ቢመልሱት፣ ተከትላው ሄደች። ሩቅም አልሄደች፣ ከገበያው ማዶ ነበር የገባችው። አባቴ ግን በሽማግሌዎቹ ፊት «ከእንግዲህ ከእኔ ቤት ቁራሽ አይደርሳትም» ብለው ማሉ፤ ከዚያ ወዲያ በቤታችን ስሟን የሚያነሳ አልነበረም።

መስከረም ሲጠባ አባቴ አንዲት ገብስማ ቄብ «ያንቺ ናት» ብለው ሰጡኝ። ከእጄ ጥሬ እየለቀመች አደገች፤ ጥቅምት ላይ የመጀመሪያ እንቁላሏን ስትጥል እኔ ራሴ የጣልሁት ያህል ሰፈሩን እየዞርሁ አወራሁ። በኅዳር አልማዝ መውለዷን ከሰፈር ልጆች ሰማሁ። ቤት ገብቼ ብናገር እናቴ «ዝም በይ» አለችኝ፣ አባቴም ጫማቸውን ማሰር ቀጠሉ።

የገና ጾም በገባ በሳምንቱ ቀይዋ ዶሮ ጠፋች። ጠዋት ሮጬ ሄጄ ሳይ መዝጊያው በገመዱ እንደ ታሰረ ነው፣ አመዱ ላይ ከአባቴ ጫማ በቀር ዱካ የለም፣ ደም የለም፣ በድንም የለም። ከቁልቋሉ ሥር አንድ እፍኝ ላባ አገኘሁ። ዝናብ ካየን ሰንብተናል፣ ላባው ግን እርጥብ ነበር፣ ጠረኑም አውቀዋለሁ የምለው ግን ስሙ የጠፋኝ ዓይነት ነው። ለአባቴ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና «ሸለምጥማጥ ነው» አሉ።

«በድኗን ጥሎ ይሄዳል ብለውኝ አልነበር?»

እሾህ ሊጨምሩ ሄዱ። በሳምንቱ አውራ ዶሮው ጠፋ፣ ቀጥሎ ነጯ። ሰውን ልጠረጥር አልችልም፤ በጾም ዶሮ የሚያርድ ማን አለ? አንድ ጊዜ የጎረቤታችንን የእትዬ ዘሀራን ድመት ጠርጥሬ በድንጋይ አባረርኋት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ያጠናሁትን ሁሉ ገልብጬ ተምሬው ይሆናል ብዬ ራሴን ተጠራጠርሁ። ያወቅሁት አንድ ነገር ቢኖር ተራው የገብስማዬ መሆኑን ነው። መዝጊያውን በራሴ ገመድ ደግሜ ማሰር ጀመርሁ፣ ጠዋት ሳልነካት ትምህርት ቤት አልሄድም ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ገብስማዬ የለችም። ገመዴ ተፈትቶ፣ በወጉ ተጠቅልሎ መዝጊያው ላይ ተቀምጧል። ከቁልቋሉ ሥር ያው እርጥብ ላባ፣ በዚህ ጊዜ ግን የእሷ። እዚያው ተቀምጬ ሳለቅስ እትዬ ዘሀራ በአጥር ላይ ብቅ አሉና እናቴን «ይኼ ሸለምጥማጣችሁ ደሞ ውኃ ማፍላትም ለመደ መሰለኝ፤ ጠረኑ እኔ ቤት ድረስ ገብቷል» አሏት። እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች፣ ወዲያው ዐይኗ እንባ ሞላ። ዶሮዬ ተበልታ ምን እንደሚያስቃቸው፣ ስቀውስ ምን እንደሚያስለቅስ አልገባኝም፤ ሁለቱንም ጠላኋቸው።

አባቴ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «ሸለምጥማጥም አራስ ትሆናለች።» ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም ነበር። የዶሮ ጠላት ሲያሳድዱ የኖሩ ሰው እንዴት አሁን ለጠላት ያዝናሉ ብዬ፣ ያን ቀን እሳቸውንም ጠላሁ።

በፋሲካ ሽማግሌዎች ገብተው አባቴን አስታረቁ፤ አልማዝ ጉንጩ የተነፋ ወንድ ልጅ አዝላ መጣች። ቆይቶ፣ ከፍ ስል፣ ዶሮዎቹ ወዴት ይሄዱ እንደ ነበር ገባኝ፤ እናቴ ለአራሷ ልጇ ተደብቃ ስትሠራ ኖራለች ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። በአገራችን ሴት ዶሮ እንደማታርድ፣ ወንድ ቤት ከሌለ እናቴ ዶሮዋን አቅፋ በር ላይ ቆማ አላፊ ወንድ ትጠብቅ እንደ ነበር እያወቅሁ፣ ያን ጊዜ ማን እንዳረደላት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

አምና እኔም ወለድሁ። አባቴ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ከመካነ ሰላም በአውቶቡስ፣ እግሯ የታሰረ ገብስማ ዶሮ አቅፈው፣ እናቴን አስከትለው በቤቴ በር ገቡ። ልትጠይቀኝ የመጣችው አልማዝ አይታቸው «ለእኔ እኮ ሸለምጥማጥ ነበር የሚያመጣልኝ» አለች። አባቴ ቢላዋቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ፣ እናቴ ውኃ ጣደች። ጥቂት ቆይቶ ያ ጠረን መጣ። አራስ መሆኔን ረስቼ ተነሣሁና እናቴን «ያኔ ማን ነበር የሚያርድልሽ?» አልኋት። በአገጯ ወደ ጓሮ ጠቆመችኝ።

ያኔ በቁልቋሉ ሥር ተደብቃ የወጣችው ዶሮ አሁን በፊት በር፣ ሰው እያያት ገባች። አባቴ መሐላቸውን ያፈረሱት ይሁን ወይስ በሸለምጥማጥ አሳበው የጠበቁት፣ ያን ሁሉ አመድ የነሰነሱትስ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው፣ ዛሬም ይምታታብኛል። ወደ ጓሮ ወጥቼ የዱሮ ጥያቄዬን ደገምሁላቸው።

«አባዬ፣ ሸለምጥማጥ በድኗን ጥሎ ይሄዳል ብለውኝ አልነበር?»

ቀና ብለውም አላዩኝ። «ያኛው ልጅ ነበረችው» አሉና ቢላዋቸውን መጥረግ ቀጠሉ።