የዓሣ አጥንት የመሰለው ወለል

ልጄ ከጂዳ መጥታ ሐይቅ ከተማ ላይ ቤት ስትሠራ፣ ግድግዳውንም ጣሪያውንም ዝም ብዬ አሳለፍኩላት። ሳሎኑን እንጨት ስታለብሰው ግን አፌ አልቻለም። እንጨት ማለትም ማጋነን ነው፤ ከላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ እንጨት፣ ከሥሩ የተጣበቀ ኮምፔርሳቶ! ከደሴ የመጣው አናጢ ቁርጥራጩን እያጋደመ እንደ ዓሣ አጥንት ሲሰካካው አይቼ «ሥጋውን ማን በላው?» አልኩት። አልሳቀም። ሙጫው እንዳይደርቅበት ይሆናል።

ይህ ወለል ውሃ አይወድም፣ ጫማ አይወድም፣ የእኔን ከዘራማ ጭራሽ አይወድም። ለስግደት ውዱእ አድርጌ፣ እግሬ እንደራሰ ስገባ ልጄ ፎጣ ይዛ እግሬ ሥር ቁጭ ትላለች። በስተርጅና የሚሳሳልኝ አገኘሁ ብዬ ልደሰት ስል፣ የምትሳሳው ለሣንቃው ነው።

እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ተመልሳ ስትሄድ እኔ እዚያ ቤት እንድኖር። እኔ ደግሞ «የሚያዳልጥ ወለል ላይ ወድቄ ከምሞት አሮጌው ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ልሙት» እያልኩ አንገቷን አስደፋኋት።

ልትሄድ ስትል ቤቱን ዱዓ ለማስደረግ ጎረቤቱን ጠራች። መግሪብ ሲደርስ «አንቱ ያሰግዱን» ብለው ወደ ፊት ገፉኝ። ዕድሜ እንጂ ዕውቀት እንደሌለኝ ያውቃሉ፤ ግን ዕድሜ ይከበራል። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ቤቱ አዲስ ነው፣ ዞረን የምንሰግድበት ቂብላው ጠፋኝ። መጠየቅ አፈርኩ። ወደ ታች ሳይ የናቅኩት ሣንቃ ቀስት በቀስት ሆኖ ወደ አንድ ወገን ይጠቁማል። ተከተልኩትና «አላሁ አክበር» አልኩ።

ከኋላ ጭብጨባ ሰማሁ። ኢማም ሲሳሳት ሴት የምታስታውሰው በጭብጨባ ነው። የልጄ እጅ መሆኑን አወቅሁ፤ ምን እንዳጠፋሁ ግን አላወቅሁም። ደግማ አጨበጨበች። በመጨረሻ ከኋላዬ የቆመው ሰው ትከሻዬን ይዞ እንደ በር አዞረኝ። ሰልፉም ቀስቶቹን እያቋረጠ አብሮኝ ዞረ።

ሰግደን ስንጨርስ፣ ለዱዓው የተጠራው ክርስቲያን ጎረቤቴ ሶፋው ላይ ሆዱን ይዟል።

«አንተ ሰውዬ፣ ወደ እኛ እስጢፋኖስ ገዳም እኮ ነው የቆምከው! ትንሽ ብትታገሥ ዲያቆን እናደርግህ ነበር!»

«በዚህ ድምፄ?»

«ድምፅህንስ ይችሉታል፤ ምላስህን እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ልጄ ብቻ አልሳቀችም። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች፤ «ከበር ሲገቡ እንዲያምር ብዬ ነው እንዲህ ያስደረግሁት።» ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጂዳ የሰው ቤት ውስጥ ይህን የመሰለ ወለል ተንበርክካ ስትወለውል የኖረች ልጅ ናት።

«እንግዲህ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ወደ ገዳም የሚመራን ወለል ያለ ጠባቂ መተው አደገኛ ነው። በየቀኑ እየተነሣ የሚሰድበው ሰው ያስፈልገዋል። አልጋዬን አስመጪልኝ።»

«የምርህን ነው አባዬ?»

«ስድቡን? አዎ፣ የምሬን ነው።»

ሐሳቤን ሳልቀይር ብላ እዚያው ቆማ አልጋዬን ለሚያመጡ ሰዎች ስልክ ደወለች።