ቀያዮቹ ቅንጣቶች

በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ባዩ በሰው አገር፣ ቢልመር በሚባል የፎቆች ሰፈር፣ አሥረኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖር ነበር። ቢሮ ያጸዳል፤ የሚያጸዳው ግን ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ነው።

አንድ ጊዜ ሆዱን አሞት ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ ደሙን የመረመረችው አንኬ እሱም እንዲያይ ማይክሮስኮፑን ለቀቀችለት። በአንዱ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ፈዛዛ፣ በሌላው ድፍን ሰማያዊ፣ በሦስተኛው ግን እንደ በርበሬ የቀሉ ነበሩ።

“ቀያዮቹ የሚበዙት ሰውነት ውስጥ ትል ሲገባ ነው” አለችው።

ቢልሃርዚያ ነበር፤ ቦርከና ወንዝ ሲዋኝ የያዘው።

“እኔን በየድንበሩ ሲያንከራትቱኝ፣ እሱን ማንም ፓስፖርት አልጠየቀው!” አለ ባዩ። አንኬ ከት ብላ ሳቀች። እዚህ አገር ከገባ ሰው ሲያስቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

መድኃኒቱን ዋጠ። ለምርመራ በተመለሰ ቁጥር ሸሚዙን ተኩሶ ይሄዳል፤ እሷም ታሳየዋለች። ቀያዮቹ እያነሱ ሲመጡ ደስ ሊለው ሲገባ ሆዱ ባባ። በመጨረሻው ቀን ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅሮ ሲፈልግ ቆየና፣ “አንድ አገኘሁ!” ብሎ ጮኸ።

“አንድማ ጤነኛ ሰውም አያጣም” አለች አንኬ እጁን እየጨበጠች። “እንኳን ደስ ያለህ! ከእንግዲህ መምጣት አያስፈልግህም።”